የሞተሩ ባለቤትና የመንገደኛው ሐቅ



የአርሲ ሰው የፈረስ ሰው ነው። ወደ ገበያም ሆነ ወደ ሠርግ፣ ጀናዛ ለመሸኘትም ሆነ ለሽምግልና ሲወጣ፣ ባማረ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ መሄድ የክብር ምልክቱ ሆኖ ኖሯል። ከጭላሎ ሥር ተነሥቶ በሳጉሬና በቦቆጂ አልፎ እስከ ዶዶላ በሚዘረጋው ደጋ ፈረስ ዛሬም አልጠፋም። የወጣቱ ዓይን ያረፈው ግን ሞተር ብስክሌት ላይ ነው። ገብስና ድንች የሚሰበስበው ነጋዴ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛው፣ ሰው እያመላለሰ የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው ወጣት፣ ሁሉም «ዶቅዶቄ» ላይ ናቸው። መኪና በማይገባበት የገጠር ቀበሌ ምጥ የያዛትን እናት ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት አንዳንድ ጊዜ እርሱው ነው። ስለዚህ ሞተርን ለመውቀስ አልተነሣንም። (ፈረስ ግን በአንድ ነገር ይበልጠዋል፤ ሕፃን ፊቱ ድቅን ሲል ጋላቢው ባያዘውም ብዙውን ጊዜ ራሱ ይቆማል።)

በክረምት ጉም ከተራራው ወርዶ አስፋልቱን ሲሸፍነው፣ ከገበያ የሚመለስ ጋሪ፣ ከመድረሳ የሚወጡ ሕፃናት፣ ከብት የሚነዳ እረኛና ሁለት ሰው ያፈናጠጠ ሞተር በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ጭቃው ያንሸራትታል፤ ፍሬን አይታዘዝም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በየሰፈራችን አይተነዋል።

ቀድሞ ያስተማርኩት አንድ ወጣት ሞተር ገዝቶ ሰው ማመላለስ ጀምሮ ነበርና ስለ መድን ብጠይቀው፣ «ኡስታዝ፣ ኢንሹራንስ ሐራም ነው ይባል የለም እንዴ? ታዲያ ገንዘቤን ለምን ሐራም ላይ አወጣለሁ?» አለኝ። «እሺ፣ አንድ ሕፃን ብትገጭስ?» አልኩት። «አላህ አያምጣው!» አለ። እኔም አሚን አልኩ። ይሁን እንጂ «አላህ አያምጣው» ያማረ ዱዓ ነው እንጂ ለጥያቄዬ መልስ አልነበረም። የተጎዳው ሕፃን የሕክምና ወጪ ከየት ይመጣል? አባወራ ቢሞት የሚስቱና የየቲሞቹ ሐቅ በማን ጫንቃ ላይ ይወድቃል? ይህ ወጣት ያለው ሀብት ያችው ሞተር ብቻ ናት፤ እርሷም ግማሹ በብድር የተገዛች።

ሕጉ ምን ይጠይቃል?

በአገራችን ለረጅም ዘመን የተሽከርካሪ መድን መግባትና አለመግባት ለባለቤቱ ፈቃድ የተተወ ነበር። ይህን የለወጠው በ2000 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 559/2000 ሲሆን፣ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 799/2005 ወጥቷል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ማንኛውም ባለ ሞተር ተሽከርካሪ የጸና የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ ሊነዳ አይችልም። «ሞተር ብስክሌት ትንሽ ናት፣ አይመለከታትም» የሚሉ አሉ፤ ይመለከታታል። የዓመቱን ምርመራ አልፎ ቦሎ ለማግኘትም መድኑ ይጠየቃል።

«ሦስተኛ ወገን» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያደናግራልና እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። አንደኛው ወገን መድን ገቢው ባለ ሞተር ነው። ሁለተኛው ወገን አረቦኑን የሚቀበለው ኩባንያ ነው። ሦስተኛው ወገን በውሉ ላይ ያልፈረመ፣ ምናልባትም መድን የሚባል ነገር መኖሩን ሰምቶ የማያውቅ፣ በመንገዱ ዳር የሚሄድ የአላህ ባሪያ ነው። እንግዲህ ይህ መድን የሚገዛው ለእርሱ ነው። የባለ ሞተሩ የራሱ እግር ቢሰበር ወይም ሞተሩ ገደል ቢገባ የግዴታው መድን አንድ ሳንቲም አይከፍለውም። ለራሱና ለንብረቱ ሽፋን የሚፈልግ ሌላ ውል መግባት አለበት፤ ያ ደግሞ በሕግ የታዘዘ አይደለም። ሚስቱን ወይም ልጁን አፈናጥጦ የሚሄድ ሰው ከኋላው የተቀመጡት በውሉ የተሸፈኑ መሆን አለመሆናቸውን ከመፈረሙ በፊት ኩባንያውን ይጠይቅ። «ሁሉም ይካተታል» ብሎ ገምቶ መፈረም አያዋጣም።

የካሳው መጠንስ? አዋጁ ሲወጣ ለሞት የተመደበው ከ5 ሺህ ብር የማያንስና ከ40 ሺህ ብር የማይበልጥ ነበር፤ ለአካል ጉዳትም እስከ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100 ሺህ ብር። ልብ በሉ! ለተጨፈለቀ አጥር ወይም ለተሰበረ መኪና የተመደበው ጣሪያ ለሰው ነፍስ ከተመደበው ከእጥፍ በላይ ነው። ሕግ አውጪዎቹ የራሳቸው ስሌት ይኖራቸው ይሆናል፤ እኛ ግን ሸሪዓ ለአንዲት ነፍስ 100 ግመል የደነገገ መሆኑን ስለምናውቅ ነገሩ ሳይከነክነን አላለፈም። ዛሬ በ40 ሺህ ብር ደህና የእርሻ በሬ እንኳ ከአሰላ ገበያ አይወጣም። እንዲህ ያሉት ገደቦች በየጊዜው የሚሻሻሉ በመሆናቸው በውላችሁ ላይ የሰፈረውን መጠን ማንበብ ተገቢ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ይህ ይታወቅ፤ ፍርድ ቤት የወሰነው ካሳ ከመድኑ ጣሪያ ቢያልፍ ትርፉን የሚከፍለው ባለ ሞተሩ ከራሱ ኪስ ነው።

ለተጎጂው የተደረገ አንድ መልካም ነገርም አለ። በመኪና ወይም በሞተር የተገጨ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ «ገንዘብ አምጣ» ሳይባል የአስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ተደንግጓል፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለዚህ የተመደበው እስከ 2 ሺህ ብር ነበር። ገጪው ቢያመልጥ ወይም መድን የሌለው ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ተጎጂውን የሚክስ የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ይህን ሥራ ዛሬ የያዘው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። ገጪው ስላልታወቀ ብቻ ዝም ብለው ቤታቸው የተቀመጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸውና ያልሰማ ይስማ።

«ሞተሩን ያዋስኩት ለእሱ ነው»

ከሕጉ ሁሉ ወላጆችን ሊያሳስባቸው የሚገባው ይህ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሌላ ሰው፣ እንዲያውም እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም። የወንድም ልጅ ለአንድ ሰዓት ተውሶ ቢሄድ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የአባቱን ቁልፍ ከግድግዳው ላይ አንሥቶ ቢወጣ፣ የሚከሰሰው ባለ ሞተሩ ነው። ባለቤቱ ከዚህ የሚድነው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ሞተሩ የተሰረቀበት መሆኑን ሲያስረዳ ነው። አባት ደግሞ ልጄ ሌባ ነው ብሎ አይመሰክር!

ነጂው መንጃ ፈቃድ ከሌለው ነገሩ ይበልጥ ይከፋል። ኩባንያው ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ወደ ባለ ሞተሩ ዞሮ የከፈለውን መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። መድኑ ተገዝቶም ዕዳው ቤት ገባ ማለት ነው።

በእጅ ውል ብቻ ሞተር የሚሸጡም ያስቡበት። ስሙ ሳይዞር ሞተሩ ሦስትና አራት እጅ ካለፈ በኋላ አደጋ ሲደርስ፣ መጀመሪያ መጥሪያ የሚደርሰው ሊብሬው ላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው ነው። ሊብሬና ታርጋ የሌለውን ሞተር በርካሽ የገዛ ደግሞ ከጅምሩ መድን ሊገባ አይችልም። ርካሽነቱ የት ላይ እንደሆነ እኔ አልታየኝም።

መድንና ሸሪዓ

ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። ጥያቄው የሰነፍ ማምለጫ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መሠረት የሌለው አይደለም። ስለ መድን ቀድመው ከጻፉት ፉቀሃእ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1836 የሞቱት የደማስቆው ሐነፊ ዓሊም ኢብን ዓቢዲን ናቸው፤ በዘመናቸው የባሕር ነጋዴዎች «ሰውከራ» ይሉት የነበረውን የመርከብ መድን መርምረው ከጠፋው ዕቃ ላይ ምትክ መውሰድን አልፈቀዱም። ከእርሳቸው በኋላ ጉዳዩ ሲያከራክር ቆይቷል። ሶሪያዊው ሙስጠፋ አዝዘርቃ የመድንን ውል በመሠረቱ የፈቀዱ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ግን ገረር፣ ማለትም የማይታወቅ ነገርን መሸጥና መግዛት፣ እንዲሁም ሪባ ስላለበት ከልክለውታል። የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 በጅዳ ተሰብስቦ የንግድ መድን ሐራም መሆኑን፣ አባላቱ በመተጋገዝ መንፈስ የሚያዋጡበት የትብብር መድን ግን የተፈቀደ መሆኑን ወስኗል።

ታዲያ ትብብሩ ባልደረሰበት ቦታ፣ ሕግ ያዘዘውን የግዴታ መድን መግዛትስ? በዚህ ላይ በርካታ የዘመናችን ዑለማዎች የሚሉት፣ ሰውየው የተገደደ በመሆኑ ሕጉ ያዘዘውን ያህል ብቻ ቢገዛ ኃጢአቱ በእርሱ ላይ አይሆንም የሚል ነው። ልብ ወደ ሌላው ውል ከሳበው ግን የሚያውቀውን ዓሊም ይጠይቅ።

ያው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1993 በብሩናይ ባደረገው ጉባኤ ስለ ትራፊክ አደጋ ሌላ ውሳኔ አሳልፏል። ከሸሪዓ ጋር የማይቃረን የትራፊክ ሕግን ማክበር በሸሪዓም ግዴታ መሆኑን፣ ነጂውም በሌሎች ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስረግጧል። «ሆን ብዬ አላደረግኩትም፣ ቀደር ነው» የሚለው ቃል የኀዘን ቤትን ለማጽናናት ያገለግላል፤ ዕዳን ግን አይሰርዝም።

ዓቂላና ጉማ

በስሕተት ስለተገደለ ሰው የተደነገገውን በሱረቱ ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ እናገኘዋለን። ሁለት ነገር ይጠየቃል። አንደኛው ለሟቹ ቤተሰብ የሚሰጥ ዲያ፣ ሁለተኛው በገዳዩ ላይ የሚወድቅ ከፋራ ነው፤ ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ያላገኘ ደግሞ ሁለት ወር ተከታታይ ጾም። ዲያውን ማን ይክፈል በሚለው ላይ ሐዲሥ መጥቶልናል። ከሁዘይል ጎሳ ሁለት ሴቶች ተጣልተው አንደኛዋ በድንጋይ መትታ ሌላዋንና የጸነሰችውን በገደለች ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዲያውን በገዳይዋ ዓቂላ፣ ማለትም በአባቷ ወገን ዘመዶች ላይ ወሰኑ፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ጥበቡን እንመልከት። አንድ ድሃ ብቻውን 100 ግመል ከየት ያመጣል? ባይከፍል ደግሞ የሟቹ ሐቅ ባክኖ ይቀራል። ሸክሙ በወገን ሲከፋፈል ግን ገዳዩም አይደቅም፣ ሟቹም አይረሳም። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወታደሮችን በመዝገብ ባደራጁ ጊዜ ደግሞ በአንድ መዝገብ የሰፈሩት አንዱ ለአንዱ ዓቂላ እንዲሆን አድርገዋል፤ ሐነፊዮች ይህን መሠረት ይዘዋል። የሚያስተሳስረው ደም ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ይህ ለአርሲ ሰው እንግዳ አይደለም። ጉማ የሚባለው የአባቶቻችን ሥርዓት በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው፤ ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ የገዳዩ ጎሳ ከብቱን አዋጥቶ ይከፍላል፣ ሁለቱ ወገኖች ይታረቃሉ። ብዙ ደም እንዳይፈስ አድርጓል። ሆኖም ዛሬ ሞተር የሚነዳው ወጣት አንዱ ከሁሩታ፣ አንዱ ከአሳሳ መጥቶ አሰላ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ነው። ጎሳው በሁለትና በሦስት ዞን ተበትኗል። አዋጡ ቢባል ስንቱ ይሰበሰባል?

የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ2005 በዱባይ ባደረገው ስብሰባ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ ነበር። ዲያውን የሚሸከም ጎሳ በሌለበት ዘመን የትብብር መድን ድርጅቶች፣ የሙያ ማኅበራትና የሠራተኞች መረዳጃ ፈንዶች የዓቂላን ቦታ ሊተኩ ይችላሉ ብሏል። እንግዲህ የጉማው በሬና የመድኑ አረቦን ዘመዳሞች ናቸው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም፤ የሚለያዩት አንዱ ከአደጋው በኋላ ሌላው ከአደጋው በፊት በመዋጣቱ ነው። ከፋራውን ግን ማንም አይተካውም። ኩባንያው ሚሊዮን ብር ቢከፍል እንኳ የስልሳውን ቀን ጾም የሚጾመው ራሱ ነጂው ነው። የስንቱን ሕይወት የነጠቁ አደጋዎች በየዓመቱ ይደርሳሉ፤ ከፋራ የሚጾም ሰው ግን ስንቱን አይታችኋል?

ይቅርታና የየቲም ገንዘብ

በገጠራችን ከአደጋ በኋላ የተለመደ አካሄድ አለ። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ የሟቹ ወንድሞች «ለአላህ ብለናል» ይላሉ፣ ፋቲሓ ተቀርቶ ይበተናል። ይቅር ማለት ትልቅ ምንዳ ያለው ነው፤ ከላይ የጠቀስነው አንቀጽም ቤተሰቡ ዲያውን ምጽዋት ካደረገው ይቀራል ይላል። ጥያቄው ይቅር የሚለው ማን ነው የሚለው ነው። ዲያ እንደማንኛውም ውርስ የሚከፋፈል የወራሾች ሀብት ነው። አዋቂ ወራሽ የራሱን ድርሻ መተው ይችላል። የስድስት ዓመት የቲምን ድርሻ ግን አጎቱም ሆነ ሽማግሌው በነፃ የመልቀቅ ሥልጣን የለውም።

ሚስትም አትረሳ። ዑመር (ረ.ዐ.) በመጀመሪያ ሚስት ከባሏ ዲያ አትወርስም የሚል አስተያየት ነበራቸው። ደሕሓክ ኢብን ሱፍያን (ረ.ዐ.) ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአሽየም አድዲባቢን ሚስት ከባሏ ዲያ እንዲያወርሷት ጽፈውላቸው እንደነበር ሲነግሯቸው ዑመር ሐሳባቸውን ለወጡ። ኸሊፋው የተመለሱበትን ጉዳይ እኛ በየቀበሌያችን እስከ ዛሬ አልተመለስንበትም። የካሳ ገንዘብ በወንድሞችና በአጎቶች እጅ ሲዘዋወር ባል የሞተባት እህታችን «ምን ያህል ነው?» ብላ ለመጠየቅ እንኳ ታፍራለች። ከመድን የሚመጣው ካሳ ባንክ በስሟና በልጆቿ ስም እንዲገባ መጠየቅ ነውር የለበትም።

አደጋ ቢደርስ

መሸሽ አይገባም። መጀመሪያ የተጎዳውን ወደ ሕክምና ማድረስ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ለትራፊክ ፖሊስ ማሳወቅ፣ ለኩባንያውም ማመልከት ነው። በሽምግልና ብቻ ጨርሰው ፖሊስ ሳይሰማ የቀሩ ብዙዎች፣ ከወር በኋላ የተጎጂው ጉዳት ሲብስ ወደ ኩባንያው ቢሄዱ የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃሉ፤ የላቸውም። ሽምግልናው ይቅር አላልንም። ፖሊስ ዘንድ ከተመዘገበ በኋላም ዕርቅ ይኖራል።

ተካፉል

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የተካፉል ሥራ የሚመራበትን መመሪያ አውጥቶ፣ አንዳንድ የመድን ኩባንያዎች በዚህ ዘርፍ መሥራት ጀምረዋል። ሙስሊሙ ኅብረተሰብ ከወለድ ነፃ ባንክ ለማግኘት የጠበቀውን ያህል ይህንንም ጠብቋል። በሱዳን የመጀመሪያው የተካፉል ኩባንያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1979፣ ማሌዥያም ሕጉን ያወጣችው በ1984 ነበርና ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ።

በተካፉል አባላቱ የሚከፍሉት መዋጮ እንደ ተበሩዕ፣ ማለትም በፈቃደኝነት እንደተሰጠ ስጦታ ተቆጥሮ ወደ አንድ የጋራ ቋት ይገባል። አደጋ የደረሰበት ከዚያ ይካሳል። ኩባንያው የቋቱ ባለቤት ሳይሆን አስተዳዳሪ ነው፤ ለድካሙ የተወሰነ ክፍያ ይወስዳል። ገንዘቡ በወለድና በሐራም ንግድ ላይ አይውልም። ከዓመቱ ካሳ የተረፈው ለአባላቱ ይመለሳል ወይም ለሚቀጥለው ዓመት ይያዛል። የሦስተኛ ወገን ሽፋንም በዚህ መንገድ መግዛት ይቻላል።

ለሞተራችሁ መድን ልትገቡ ወይም ልታድሱ ስትሄዱ የተካፉል ውል እንዳላቸው ጠይቁ። ካላቸው ደግሞ የሸሪዓ አማካሪዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ቋቱ ከኩባንያው ሌላ ሒሳብ ተለይቶ የሚያዝ መሆኑን፣ የተረፈው ገንዘብ ለማን እንደሚመለስ ጠይቁ፤ መልሱንም በቃል ብቻ ሳይሆን በውሉ ላይ ተጽፎ አንብቡት።